ስም ያልወጣለት ትል

የባሕር ትል ታጠናለች፤ ያውም ባሕር በሌለው አገር፣ አዲስ አበባ ውስጥ። ጦርነቱ ሳይለያያቸው በፊት ከባልደረባዋ ከምሕረትአብ ጋር ከምጽዋ ዳርቻ ጭቃ ያወጡት አንድ ትል አልኮል በሞላው ብልቃጥ ውስጥ እንደተነከረ እሷ ጋ ቀረ። ምሕረትአብ አስመራ ቀረ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ስልክም ለሃያ ዓመት ተዘጋ።

ባልደረቦቿ አንድ በአንድ ጡረታ ሲወጡ፣ እናቷም ስትሞት፣ እሷ ማይክሮስኮፗ ላይ እንዳጎነበሰች ነበረች። ከትሉ ጎንና ጎን የበቀሉትን ደቃቅ ጠጉሮች፣ ዓይኖቹን፣ ጥቋቁር መንጋጋዎቹን ካሏት አሮጌ መጻሕፍት ጋር ስታስተያይ ኖረች። ከአንዱም አልገጠመላትም። ማንም የማያውቀው አዲስ ዝርያ አግኝታለች፤ ደስታዋን የምታካፍለው ሰው ግን አልነበራትም።

ስልኩ የተከፈተ ዕለት በቃሏ የያዘችውን ቁጥር ደወለች።

«በሕይወት አለሽ?» አለ ምሕረትአብ። ሁለቱም አለቀሱ። ሲረጋጉ ስለ ትሉ ነገረችው።

«የመንጋጋው ጫፍ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«አዎ! እንዴት አወቅህ?»

«እኔም በኋላ እዚያው ምጽዋ አገኘሁት። ጦርነቱ እንዳለቀ ስም አውጥቼ አሳትሜዋለሁ። እናንተ ጋ አልደረሰም ማለት ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። የደከመችበት ዕድሜ ሁሉ ባዶ ሆነባት።

«ማን አልከው ታዲያ?» አለች እንደምንም።

«ትርሲት።»

«አቤት።»

«ስሙን እኮ ነው የነገርኩሽ።»