የእንቁ ፈቃድ

ወንዳወቅ ከቋሪት ወደ ቡሬ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ከከተማው ዳር ቤት ሠራ፤ አረቄና ቢራ ሊቸረችርበት። ማዘጋጃ ቤቱ ግን፣ «ጎረቤት ካልተስማማ ቦታው ለመጠጥ ንግድ አይፈቀድም» አለው።

ሰፈርተኛው ሁሉ እሺ ሲል አንዲት ሴት ብቻ እንቢ አለች። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው እንቁ ናት፤ ባሏ በአረቄ ቤት ጠብ በጩቤ ተወግቶ የሞተባት ባልቴት።

«እትዬ፣ እባክዎ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ደጅ ጠናት።

«አረቄ ቤት ከደጄ? ሬሳዬን ተራምደህ!»

ወንዳወቅ ልመናውን ተወ። መጀመሪያ የጤፍ ክምሯን አቃጠለባት። ቀጥሎ የላሟን ቋንጃ በገጀራ ቆረጠው። ላሚቱ ስትንፈራገጥ እንቁ አንገቷን አቅፋ፣ ደሙ ቀሚሷን እያራሰው፣ እስክትሞት ድረስ አብራት ተቀመጠች። በመጨረሻ ከገበያ ስትመለስ አድፍጦ ግንባሯን በድንጋይ ፈነከታት። ሰፈሩ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ የሚመሰክር ግን ጠፋ። የዚያን ቀን ገበያተኛው የሚያወራው ከወህኒ ስለተፈቱ ሰዎች ነበርና የአንዲት ባልቴት መፈንከት ወሬም አልሆነ።

ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈርተኛውን በሰበሰበበት ቀን እንቁ ጭንቅላቷን በነጠላ አስራ መጣች።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላት የመሬት ኃላፊው ታከለ።

ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «ይፈቀድለት። እኔም ሩቅ መሄድ አልችል፣ ቅርብ ይሁንልኝ።»

ሰው ሳቀ። ወንዳወቅም፣ «ዱላ የማይገራው የለም» አለ በልቡ።

ቤቱ በተከፈተ በሳምንቱ አንድ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ግራ ቀኙን እያየ ገባ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀመጠ። ወንዳወቅ አያውቀውም።

«ቅዳልኝ» አለ ሰውየው። ጠጣ። «ድገመኝ።» ደጋግሞ ጠጣና አንገቱን ደፋ።

ይሄኔ እንቁ ገባች። ከጋቢዋ ሥር የፋስ ስለት ብልጭ አለ።

ወንዳወቅ ወደ መደርደሪያው አፈገፈገ። ክምሩ፣ ላሚቱ፣ ድንጋዩ ባንድ ጊዜ ታወሱት። «እትዬ፣ በማርያም! ይማሩኝ!» እያለ ከመደርደሪያው ሥር ተደፋ፤ ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፈነ።

ፋሱ ሲያርፍ ሰማ። ደግሞ አረፈ። ትኩስ ደም አንገቱ ላይ ተረጨ። የራሱ መስሎት ጮኸ፤ ዳበሰ፤ ገላው ላይ ቁስል አጣ።

«ተነሳ፣ አንተን አይደለም» አለች እንቁ ፋሷን ጥላ፤ «ከተፈታ ጀምሮ ደም መላሽ ፈርቶ እዚሁ ሰፈር እናቱ ጓዳ የተደበቀውን የባሌን ገዳይ፣ ከአረቄ በቀር የሚያወጣው አልነበረም።»