የማላውቀው ሰው ደም

ልጄ ገላዋን እየታጠበች ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫል። አንዴ ዝም እለዋለሁ፤ ሲደግም እጄን በቀሚሴ ጠራርጌ አነሳዋለሁ።

«ሁለት ሰዎች አልተስማሙም። ያንቺን ዓይን እየጠበቅን ነው» ይላል መልእክቱ።

የልጄን ዓይን የሚጠብቀው ማነው? ድሮውንም ጠርጥሬያለሁ። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ስልኳ ላይ ትደፋለች። ስጠራት «እሺ እማ፣ ይቺን ብቻ» ትለኛለች። ይቺ ብቻ የምትባለው ነገር ማለቂያ የላትም።

የሚስጥር ቁጥሯን አውቀዋለሁ፤ ከኋላዋ ቆሜ ጸጉሯን ስሠራት አይቼዋለሁ። ስከፍተው ፎቶ ይመጣል። የሰው ፎቶ አይደለም። ሮዝ መደብ ላይ የተበተኑ ክብ ክብ ነገሮች ናቸው። ከሥር ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ «አለ»፣ ሌላው «የለም»። ምኑ ነው ያለው? አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጡ ሰዎች በምልክት ነው የሚነጋገሩት ብላኛለች ጎረቤቴ። እሷ ደግሞ የማትሰማው ነገር የለም።

መልሱን ባበላሽባት ያባርሯታል፤ እኔም እገላገላለሁ። «የለም» የሚለውን በንዴት እጫነዋለሁ።

«እናመሰግናለን፤ ያንቺ ድምፅ ወሳኙ ነበር» ይለኛል።

ልጄ ፎጣ ጸጉሯ ላይ ጠምጥማ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማ! ስልኬን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ዓይንሽን የሚጠብቀው ማነው? አባትሽ ሳይመጣ አሁኑኑ ንገሪኝ!»

ትስቃለች። ሳቋ ጭራሽ ያበግነኛል። «ጨዋታ እኮ ነው። ተመራማሪዎች የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ያነሱና ይልኩልናል፤ እኛ ወባ ያለበትንና የሌለበትን እንለያለን። ተመራማሪዎቹ ብቻቸውን አይተው አይጨርሱትማ። አንዱን ፎቶ ብዙ ሰው ያየዋል። ካልተስማማን ብዙም ለማይሳሳት ሰው ይሰጣል።»

«ላንቺ?»

«ለእኔ» ትላለች ቀና ብላ።

«አልጋሽ ሥር ያለ ጫማሽን እንኳ በእኔ ዓይን የምታገኚ!»

«ጫማና ወባ ምን አገናኘው?» ስልኩን ትቀበለኛለች። ወዲያው ሳቋ ይጠፋል። «እማ፣ ይሄን ማነው የመለሰው?»

እጄን መልሼ በቀሚሴ እጠርጋለሁ።

«እማ!»

«ሳላስበው ነክቼው ይሆናል።»

ፎቶውን መልሳ ትከፍትና ከክቦቹ አንዱን ታሳየኛለች። ውስጡ ቀለበት የመሰለች ቀጭን ሐምራዊ ምልክት አለች። አንዴ ካሳየችኝ በኋላ ዓይኔ ከሷ ሌላ አያይም።

«ይቻትልሽ። መልሱ ‹አለ› የሚለው ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ሰው በእኔ ምክንያት ሳይታከም ሊቀር ነው?»

«ኧረ አይደለም! ኮምፒውተር ወባን እንዲለይ የሚያስተምሩበት ነው። ሰውየውን ሐኪም አይቶታል፤ ታክሟል።»

«ማን ነገረሽ?»

«እነሱ ጽፈውታል።»

«እነሱ! አይተሻቸው ታውቂያለሽ? ሰውየውንስ?»

ፎቶውን እንደገና ታየዋለች። እንድትመልስልኝ እየፈለግሁ እጠብቃለሁ።

«መልሱን ማጥፋት አይቻልም?» እላታለሁ።

«አይቻልም። መጻፍ ግን እችላለሁ።»

«ጻፊላቸው። እናቴ ናት በይ። ሆን ብላ ነው በይ፤ የፈለጉትን ያድርጉኝ። ብቻ ቶሎ በይ!»

አሁን ቀና ብላ በደንብ ታየኛለች። ጽፋ ትልከዋለች። ከዚያ ፎቶውን እንደተከፈተ ትታልኝ ጸጉሯን ልታደርቅ ትሄዳለች። «መልስ ሲመጣ ጥሪኝ። ምንም እንዳትነኪ፣ እማ።»

መነጽሬን አደርጋለሁ። ያቺ ቀለበት እዚያው ናት። የደሙ ባለቤት ሴት ትሁን ወንድ፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ አላውቅም። አጠገቡ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።

የስልኩ ብርሃን ይደበዝዛል። ሊጠፋ ሲል፣ ከሁለቱ ቁልፎች አርቄ፣ ልጄን ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯን እንደምዳስሳት በእጄ ጀርባ ነካ አደርገዋለሁ።