ጤና አዳሜን የጨረሰው እጅ

ፊደል ስላልቆጠርኩ ሐኪሙ አይሰማኝም። በዚህ ዘመን ሱሰኛ ሁሉ እንደሚታከመው፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል መሣሪያ ከልጄ ከአስናቀ ጆሮ ሥር ቀብሮ የጫት አምሮቱን አጠፋለት። አምሮቱስ ጠፋ፤ እጁ ግን አልሰማም። ከሰዓት በኋላ ፍራሹ ላይ ይቀመጥና በጣሳ የተከልኩትን ጤና አዳሜን እየቀነጠሰ ጉንጩ ውስጥ ይወትፋል። ትናንት ባዶ እንጨቱን አስቀረልኝ።

«ጣመህ እንዴ?» አልኩት።

«አይ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን አትተወውም?»

«መተውም አያምረኝም።»

የሚወደውን ቂንጬ ሳቀርብለትም ቀና ብሎ አላየውም።

ዛሬ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ይህን ነገርኩት። «እማማ፣ መሣሪያው ልጅዎ ድኗል ይላል» ብሎ ሳቀብኝ።

«ስማ አንተ ልጅ፣» አልኩት፣ «አሁኑኑ መጥተህ ያን ፍሬ ከጆሮው ሥር ንቀልለት። ጫትም ቢሆን፣ የሚያምረው ነገር መልስለት!»