ከምሰሶ የመጣው ሰው

ከፍያለው ከሜስኪት ካሮልተን ድረስ ሲነዳ ሬዲዮ እንኳን አልከፈተም። ደሙ ፈልቷል። የማለዳ ፓርቲ የዳላስ ቅርንጫፍ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተቀናቃኙን የምሰሶ ፓርቲ አንድ ሰው በአባልነት ይቀበል እንደሆነ ሊወስን ነው። ምሰሶ! ስንት ዓመት በየሰልፉ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሲሰድቡት፣ እሱም ሲሰድባቸው የኖሩት! አሁን ደግሞ "ተቀበሉን" ይላሉ። እንዲያው ድፍረታቸው!

ቅርንጫፉን ያቋቋመው ከፍያለው ነው። ትዳሩም ፈርሷል፣ ልጆቹም በሳምንት አንዴ ቢደውሉ ነው፤ የቀረው ነገር ቢኖር ይሄ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። የሌላ ከተማ ቅርንጫፍ እንዴት እንደተበላ ያውቃል። ምሰሶዎች አንድ በአንድ ገቡ፣ ሲበዙ ሊቀመንበሩን በምርጫ አወረዱት፣ ፓርቲውን ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። እዚህም በሚመጣው ወር ምርጫ አለ። "እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!" አለ ከፍያለው፣ መኪናው ውስጥ ብቻውን።

ደግነቱ ዘንድሮ ሰው አላጣም። የድሮዎቹ አባላት አንዳንዱ በሕመም፣ አንዳንዱ በሥራ፣ አንዳንዱም ወደ ሌላ ስቴት ሙቭ እያደረገ ቀርተዋል። እግዜር ግን ሮማነወርቅን ላከለት። ነርስ ናት፤ ቤት ይረክሳል ብላ ከሲያትል የመጣች፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት። እሷ ጓደኞቿን አመጣች፣ ጓደኞቿም ጓደኞቻቸውን። ሚቲንጉ ሁልጊዜ በዙም ነበር፤ ድምፅም የሚሰጠው ስልክ ላይ እየተጫኑ ነው። የዛሬው ግን በአካል እንዲሆን ከፍያለው አዘዘ። ሰውዬውን ዓይን ዓይኑን እያየ ሊያባርረው ፈልጓል።

ሮማነወርቅ በምትኖርበት አፓርትመንት የስብሰባ ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ጋሽ ከፍያለው፣ ማለቴ፣ ይሄን ሰውዬ ለምን ጠሩት? ቴክስት አድርገን ኖ ማለት እንችል ነበር እኮ።"

"ደንቡ ይሰማ ይላል። ይሰማል፣ ከዚያ ይባረራል።"

"እኔ ባይሰማ ነው የሚሻለው ባይ ነኝ። የነሱን ሰዎች አውቃቸዋለሁ።"

አመልካቹ ያፌት መጣ። ሌዊስቪል ዌርሃውስ ውስጥ የሚሠራ፣ ቀጭን ሰው ነው። ሸሚዙን ተኩሷል፤ ድፎ ዳቦ ታቅፏል። እንደገባ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየ። ፈገግታው ጠፋ።

"ምን ትቆጥረናለህ?" አለው ሙሉዓለም የሚባለው የኡበር ሾፌር ከተቀመጠበት። "ስንት እንደሆንን ልትነግራቸው ነው?"

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ያፌት አልሳቀም። ድፎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የቆረሰለት ሰው የለም።

ለመናገር ግራ እጁን አወጣ። ከፍያለው በሆዱ ሳቀ። የምሰሶዎች ነገር ይሄ ነው፤ ቀኝ እጅ ለመሐላ ብቻ ነው ተብለው ስለሠለጠኑ ስብሰባ ላይ የሚያወጡት ግራቸውን ነው። ፓርቲውን ለቅቄያለሁ ቢልም እጁ አልለቀቀም። ከፍያለው ይህን ለማንም አላለም፤ ለራሱ ያዘው።

"በል ተናገር።"

"ጋሼ፣ ሲያትል እያለሁ ምሰሶ ውስጥ አባል መልማይ ነበርኩ። ሥራቸው አስጠላኝ፣ ወጣሁ። ሶ፣ እዚህ የመጣሁት ስለ እርስዎ ቅርንጫፍ የሰማሁት ነገር ስላለ ነው።"

"ምን ሰማህ?"

ያፌት ዙሪያውን አየ። ግንባሩ አልቦታል። "ለብቻዎ ባናግርዎ ይሻላል። ውጭ እንውጣ፣ ትንሽ ደቂቃ ቢሰጡኝ..."

"ኖ ዌይ!" ሮማነወርቅ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። "ለብቻ ብሎ ነገር የለም! ጋሽ ከፍያለውን ለብቻቸው አግኝተህ ምን ልታደርጋቸው ነው? ያለህን እዚሁ ፊታችን ተናገር!"

"እናንተ ፊት?" አለ ያፌት። "እናንተ ፊት ምን ብዬ?"

"አያችሁልኝ! አፈረ!"

"ሰላይ!" አለ አንዱ ከኋላ። "አስወጡት!" አለ ሌላው። ሙሉዓለም ተነስቶ በሩን ከፈተለት።

የከፍያለው ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲታገል እንዲህ የሚቆምለት ሰው አግኝቶ አያውቅም። ቢሞት እንኳን ፓርቲው በደህና እጅ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ በእመብርሃን ይስሙኝ!" አለ ያፌት። "የሚመጣው ወር ምርጫ ሳይደርስ..."

ከፍያለው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ድፎው ዘለለ። "ስለ ምርጫችን ማን ነገረህ?"

"እሱን እኮ ነው ልነግርዎ የፈለግሁት።"

"ዝም በል! ሰማንህ፣ በቃ!"

"ኦኬ፣ ድምፅ እንስጥ" አለች ሮማነወርቅ ስልኳን አንስታ። "ሊንኩን አሁኑኑ እልክላችኋለሁ።"

"ምን ስልክ ያስፈልጋል!" አለ ከፍያለው። "እጅ ይውጣ። ማን እንደሆንን ይህ ሰው በዓይኑ አይቶን ይሂድ።"

ሮማነወርቅ አፏን ከፈተች፤ ግን ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ "እጅ ይውጣ! እጅ ይውጣ!" እያለ ነበር። ያፌት በሩ ላይ ቆሞ ከፍያለውን ብቻ ያያል።

"ይህ ሰው ማለዳ ውስጥ አይግባ የምትሉ!" ብሎ ጮኸ ከፍያለው፣ ቀኝ እጁን ከሁሉ ቀድሞ አውጥቶ።

አንድም ሰው አልቀረም፤ ሮማነወርቅም፣ ሙሉዓለምም፣ ከኋላ የተቀመጡትም በሙሉ ግራ እጃቸውን አወጡ።