ጠረጴዛው ያልፈቀደው ጉርሻ

እዚህ ስመ ጥር ምግብ ቤት ዘንድሮ ሰው ምግብ አያዝዝም፤ ጠረጴዛው እጃችንን ዳብሶ፣ ደማችንን አይቶ ያዝዝልናል። ለእኔ ጨው አልባ ጎመን፣ ለጎረቤቴ ለአመለወርቅ ክትፎ! ለልጇ ሰርግ ሳትጠራኝ ቀርታ ሁለት ዓመት ተኳርፈናል፤ ዛሬ ልንታረቅ ነው የመጣነው።

አመለወርቅ ዓይኔ ሲንከራተት አይታ ከክትፎው ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ጠረጴዛው «ግፊት አለባት!» ብሎ ጮኸ። አስተናጋጁ እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ የሰው ምግብ መብላት ክልክል ነው!»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ አንተዬ! ሁለተኛውን ሳላጎርሳት ወዴትም አልሄድ!» አለችው አመለወርቅ።

ደግማ አጎረሰችኝ። ሁለታችንንም ለዓመት አግደው አስወጡን። እኛም ደጅ ቆመን የአስተናጋጁን የዳክዬ አሯሯጥ ስናማ ዋልን። ውይ፣ ሐሜቷ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!