የአርባ አንድ ቁጥር ማይክሮፎን

«ለአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እንድንነሳ እጠይቃለሁ» ብዬ ራሴም እቆማለሁ። ወንበሩ ሁሉ ይንጓጓል። የላይኛው ምክር ቤት አባላት ተነስተው አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ ግን መድፋት አልችልም። አፈ ጉባኤዋ ነኝ፤ ሰዓቱን አይቼ ስልሳ ሰከንድ ሲሞላ መዶሻዬን መምታት አለብኝ።

የሞተችው መርፌ ናት። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቻችን ናቸው፤ ምላሷ ስለሚወጋ። አፈ ጉባኤ ከመሆኔ በፊት ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ እኔ አርባ ቁጥር፣ እሷ አርባ አንድ። የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ተብዬ አዳራሹ ሲያጨበጭብልኝ፣ እሷ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «አንቺ ልጅ፣ ያ ወንበር እኮ ለረጃጅም ወንዶች ነው የተሠራው፤ እግርሽ መሬት አይነካም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አይነካም። ጥበቃው ሥሩ በርጩማ አስገብቶልኛል።

ብቻዬን ምሳ እንደምበላ ግን አልነገረችኝም። አፈ ጉባኤ አያዳላም፤ ስለዚህ ከማንም ጋር ሲበላ አይታይም። ሦስት ዓመት በሬን ዘግቼ በላሁ። መርፌ ሁለቴ አንኳኳች፤ ሁለቴም «ሥራ በዝቶብኛል» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። በሕይወት እያለችም ትናፍቀኝ ነበር፤ አሥር እርምጃ እንኳ ከማይርቅ ቦታ ተቀምጣ።

ሃያ ሁለት ሰከንድ።

ባለፈው ማክሰኞ ስለ ገጠር አዋላጆች ስትናገር አምስት ደቂቃዋ አለቀ። «አንድ ደቂቃ ብቻ ጨምሪልኝ፣ እባክሽ» አለች፤ በማይክሮፎን፣ አንቺ እያለችኝ። አዳራሹ ሳቀ። ያን ዕለት ጠዋት ለሁለት ሰዎች ጨምሬ ነበር። ለእሷም እጨምርላት ነበር፤ ጓደኛዬ ባትሆን። አዳላች እንዳይሉኝ ፈራሁ። «የተከበሩ አባል፣ ሰዓትዎ አልቋል» ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የአርባ አንድ ቁጥር ቁልፍ ተጫንኩ። የማይክሮፎኗ መብራት ጠፋ። አፏ ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

ሃያ ዓመት አንቺ ያልኳትን ሰው «እርስዎ» አልኳት።

ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል እሑድ ልቧ ቆመ።

ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ። እጄ መዶሻው ላይ ነው። ቀጥሎ የማነበው ወረቀት ፊቴ ተዘርግቷል፤ «የአርባ አንድ ቁጥር መቀመጫ ክፍት መሆኑን አስታውቃለሁ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ስልሳ አምስት። አንድ ሰው ያስላል። አንዳንዶች ቀና ብለው ያዩኛል። እጄ እንቢ አለኝ።

ጸሐፊው ወደ ጆሮዬ ያጎነብሳል። ከእኔ በፊት የነበሩትን ስድስት አፈ ጉባኤዎች ያገለገለ፣ ሰከንድ የማያልፈው ሰው ነው።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ደቂቃው ሞልቷል።»

«አንድ ደቂቃ ጨምሬያለሁ።»

ብዕሩን እንደያዘ ግራ ገብቶት ያየኛል። «ለማን ብዬ ልመዝግብ?»

«ለጓደኛዬ።»

ጣቴን ሰድጄ አርባ አንድ ቁጥርን እጫናለሁ። ባዶው ወንበር ፊት፣ ለአጭር ቁመቷ ብላ ወደ ታች እንዳጎበጠችው በቀረው ማይክሮፎን ላይ፣ አረንጓዴው መብራት ይበራል።