የውሃ ሌባ ጣት

መርሳ ከተማ አጠገብ ባለው ቦይ የዙልፋ ተራ በደረሰ ቁጥር ውሃው መንገድ ላይ ይጠፋ ጀመር። ቲማቲሟ አበባ ይዟል፤ ይህ ተራ ደግሞ ካመለጣት ማሳው ለፍየል ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታኖረው በዚሁ ማሳ ነው።

አቤት ያለችው ለጋሽ ጀብሪል ነው። ጋሽ ጀብሪል የውሃ አባት ናቸው፤ ገበሬው መርጧቸው ተራ ያወጣሉ፣ ተራ ያስከብራሉ፣ የሰረቀውንም ይቀጣሉ። ቅጣቱ ሁለት ተራ መነጠቅ ነው።

«ይህ ሌባ ቦዩን ከላይ አይቆርጥም» አሉ ሻይ ቤት ተቀምጠው። «ከስር፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ በእጁ እየሸነቆረ ነው። ስንደርስ ደፍኖት ሄዷል።» ስኳር የሌለው ሻያቸው ገና ከምድጃ መውረዱ ነው፤ ሌላው ብርጭቆውን በጫፉ ይዞ እፍ እፍ ሲል እሳቸው በመዳፋቸው ጨብጠው ይጠጣሉ።

አጠገባቸው ናሆም ነበር፤ ወልድያ ባዮሎጂ የሚያስተምር፣ ለእረፍት የመጣ የሰፈሩ ልጅ።

«እንግዲያው ጣቱን እዩዋ» አለ ናሆም። «ውሃ ውስጥ የቆየ ጣት ይሸበሸባል። ቆዳው ስለራሰ ብቻ አይደለም፤ ነርቭ ነው የሚያዘው። ነርቩ የተጎዳ ጣት ቢዘፈዘፍም ልሙጥ ነው። ተመራማሪዎች ሲገምቱ፣ የጥንት ሰው ከወንዝ ምግብ ሲለቅም እንዳያሟልጨው ነው ይላሉ። ልክ እንደ ጎማ ጥርስ።»

«ጎማ?» አለ ጁነይድ፣ የዙልፋ የማሳ ጎረቤት። «አላህ የባጃጅ ጎማ ገጠመልን ነው የምትለው? ታዲያ ሽማግሌ ፊቱ የሚሸበሸበው በፊቱ ሊሄድ ነው?»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ጀብሪል ግን አልሳቁም። ሐሳቡን ከሁሉም አብልጠው የወደዱት እሳቸው ናቸው።

«ሽብሸባው ይቆያል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ብዙም አይቆይም። ቶሎ ካልታየ ይጠፋል።»

«ቶሎ እናየዋለና!»

በነጋታው ረፋድ ላይ የዙልፋ ውሃ ቀጠነ፤ ከዚያም ቆመ። ኡኡ አለች። ገበሬው ከየማሳው ተጠራርቶ ቦዩ ዳር ተሰለፈ። ጋሽ ጀብሪል ሱሪያቸውን እንደጠቀለሉ፣ እያለከለኩ በመጨረሻ ደረሱ፤ የውሃ አባት እግር መቼ ደርቆ ያውቃል።

«አድልዎ የለም፤ ከኔ ጀምር» ብለው ሁለት እጃቸውን ለናሆም ዘረጉ። ልሙጥ ናቸው።

ናሆም የሰውን ሁሉ እጅ እያገላበጠ አለፈ። አንዱ ጎረምሳ «በዚያው መዳፌን አንብብልኝ፤ መቼ ነው የማገባው?» አለው። ጁነይድ ግን እጁን ኪሱ ከቷል።

«አውጣ» አሉት ጋሽ ጀብሪል።

«ብርድ ይዞኝ ነው።»

«በዚህ ሐሩር?»

ሲያወጣው ጣቶቹ ሁሉ እንደ ዘቢብ ተጨማደዋል።

«ውዱእ ሳደርግ ነው» አለ።

«ውዱእ እንዲህ ካደረገማ የሁላችንም ይሸበሸብ ነበር!» አለች ዙልፋ። «የየቲም ልጆቼን ውሃ! ትንሽ አታፍርም?»

ጁነይድን ላብ አጠመቀው። መሬት መሬት እያየ፣ «ልብስ እያጠብኩ ነበር» አለ። «ሚስቴ አሚና አኩርፋኝ ግራና ከተማ እናቷ ቤት ከሄደች ሰንብታለች።»

ሰልፉ በሳቅ ተንከተከተ። «አንተ? ልብስ? ምነው፣ ውሸት እንኳ አልችልበት አልክ!»

ናሆም አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ጋሽ ጀብሪል ቀደሙት።

«ሳይንስ ተናግሯል» አሉ። «ጁነይድ፣ ሁለት ተራ ተነጥቀሃል። አንዱ ለዙልፋ ካሳ ይሁን። ሌላው በውሃ አባት እጅ ይቆያል።»

«አላህ እድሜዎን ያርዝመው፣ ጋሼ» አለች ዙልፋ፣ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች።

«አሚን» አሉ ጋሽ ጀብሪል። ሰው እስኪበተን ቦዩ ዳር ቆመው ሁሉንም በየስሙ ሸኙ።

ከዚያ በአቋራጭ ቦዩ ወደሚያልፍበት ጓሯቸው ወርደው፣ ቢዘፈዘፍም የማይሸበሸበውን እጃቸውን እስከ ክርናቸው ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ወደ ማንጎዎቻቸው የሚወስደውን ሽንቁር ደፈኑ።